ከደመና በላይ የሚሰሙ ተወርዋሪ ከዋክብት፦ ሚቲዮሮችን በሬዲዮ ለመከታተል መነሻ ትምህርት

መግቢያ

መሬት በየዓመቱ በነሐሴ ወር መጀመሪያ ላይ ስዊፍት ተትል የተባለው ጅራታም ኮከብ በመንገዱ ጥሎት የሄደውን የአቧራ ጅረት አቋርጣ ታልፋለች። ነሐሴ 6 እና 7 ሌሊት ላይ ሰማያቸው ጠርቶ በሚያድርባቸው አገሮች ብዙ ሰዎች ከየቤታቸው ወጥተው ፐርሲድስ የሚባለውን የተወርዋሪ ከዋክብት ዝናብ ይመለከታሉ። በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎና በሌሎቹ የወለጋ ከተሞች ግን በእነዚያ ሌሊቶች የሚጠበቀው ዝናብ የክረምቱ ዝናብ ነው። በባኬ ጃማ ከደጃፉ ቆሞ ወደ ሰማይ የሚያንጋጥጥ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ከደመና በስተቀር የሚያየው ነገር አያገኝም።

ይህ ሲባል ግን ተወርዋሪ ከዋክብቱ በወለጋ ሰማይ አያልፉም ማለት አይደለም። የክረምቱ ደመና የቱንም ያህል ቢከመር ጫፉ ከ20 ኪሎ ሜትር ከፍታ አይበልጥም። ተወርዋሪ ከዋክብት የሚነዱት ደግሞ በ100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ደመናው ብርሃናቸውን ይጋርደዋል፤ የሬዲዮ ሞገድን ግን አይጋርድም። ስለዚህ በዓይን ማየት ያልተቻለውን በጆሮ መስማት ይቻላል።

በዚህ ጽሑፍ ተወርዋሪ ኮከብን በተራ የኤፍ ኤም ሬዲዮ እንዴት መስማት እንደሚቻል፣ ከነቀምት ተነሥተን ወደ የትኛው አቅጣጫ ማድመጥ እንደሚገባንና የሰማነውን እንዴት ብንመዘግብ ለሳይንስ ሊጠቅም እንደሚችል ለማስረዳት እንሞክራለን። አንባቢው የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ካለው ይበቃዋል።

ተወርዋሪ ኮከብ ምንድን ነው?

በልጅነታችን ኮከብ ሲወረወር ባየን ጊዜ «የአንድ ሰው ኮከብ ወደቀ» ሲባል ሰምተን ይሆናል። በእርግጥ የሚወድቀው ኮከብ አይደለም። በፀሐይ ዙሪያ የሚዞር፣ ብዙውን ጊዜ ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጥ ድንጋይ ወይም አቧራ ነው። በጠፈር ሳለ ሚቲዮሮይድ ይባላል። ወደ ከባቢ አየር ገብቶ ሲነድ የምናየው የብርሃን መስመር ሚቲዮር ወይም ተወርዋሪ ኮከብ ነው። ትልቅ ሆኖ ሳያልቅ መሬት የሚደርሰው ድንጋይ ደግሞ ሚቲዮራይት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1981 በሐረርጌ ጉርሱም የወደቀው ድንጋይ በአገራችን ከሚታወቁት ሚቲዮራይቶች አንዱ ነው።

አሸዋ የሚያህል ነገር ከ100 ኪሎ ሜትር ርቀት ሊታይ የቻለው በፍጥነቱ ምክንያት ነው። ሚቲዮሮይዶች ወደ ከባቢ አየር የሚገቡት በሰከንድ ከ11 እስከ 72 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ነው። የፐርሲድስ ቅንጣቶች ፍጥነት በሰከንድ 59 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ግራም የምትመዝን ቅንጣት በሰከንድ 60 ኪሎ ሜትር ብትበር የእንቅስቃሴ ኢነርጂዋ 1.8 ሚሊዮን ጁል ይሆናል። ይህ ኢነርጂ 20 ዲግሪ ሙቀት ያለውን ስድስት ሊትር ያህል ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ስሌቱን የሚሞክር ተማሪ ነቀምት ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በመሆኗ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ መሆኑን አይርሳ።

ይህ ሁሉ ኢነርጂ በአንድ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ይለቀቃል። ቅንጣቷ ከአየር ሞለኪውሎች ጋር ስትጋጭ ትግላለች፣ ትተናለች፤ ከእርሷ የተላቀቁት አቶሞችም ከአየሩ ጋር ሲጋጩ ኤሌክትሮኖቻቸውን ያጣሉ። በዚህ ሁኔታ ከ80 እስከ 120 ኪሎ ሜትር ባለው ከፍታ አሥርና ሃያ ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ በነጻ ኤሌክትሮኖች የተሞላ ቀጭን የጋዝ ፈለግ ይቀራል። ዓይን የሚያየው ብርሃኑን ሲሆን ሬዲዮ የሚሰማው ይህን ፈለግ ነው።

ሬዲዮ ፈለጉን እንዴት ይሰማዋል?

የኤፍ ኤም ጣቢያዎች ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ያሰራጫሉ። የዚህ ክልል ሞገድ እንደ አጭር ሞገድ በአዮኖስፌር ተንጸባርቆ አይመለስም፤ ቀጥ ብሎ ይጓዝና አድማስን ካለፈ በኋላ ወደ ጠፈር ይወጣል። ከእኛ 1000 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኝን የኤፍ ኤም ጣቢያ በተለመደው ሁኔታ የማንሰማው በዚህ ምክንያት ነው። በመካከላችን የመሬት ክብ ቅርጽ እንደ ኮረብታ ይቆማል።

አሁን በጣቢያውና በእኛ መካከል፣ በ100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ አንድ ሚቲዮር አለፈ እንበል። የኤሌክትሮኖቹ ፈለግ እንደ ተሰቀለ መስተዋት ሆኖ ሞገዱን ወደ እኛ ያንጸባርቀዋል። ባዶ በነበረው ፍሪኩዌንሲ ላይ የሩቁ ጣቢያ ድምፅ በድንገት ይሰማና ፈለጉ ሲበተን ይጠፋል። ይህ ዘዴ ወደ ፊት መበተን ተብሎ ይታወቃል። እኛ ምንም አናሠራጭም፤ ማሰራጫው የሌላ ሰው ነው፤ መስተዋቱን የሚሰቅለው ሰማይ ነው፤ የእኛ ሥራ ማድመጥ ብቻ ነው።

መስተዋት ግን በማንኛውም አቀማመጥ ብርሃኑን ወደ እኛ አይመልስም። የፈለጉ አቅጣጫ የመግቢያውና የመውጫው ማዕዘን እኩል እንዲሆኑ የሚያስችል መሆን አለበት። በመሆኑም ከሚያልፉት ሚቲዮሮች ብዙዎቹን አንሰማቸውም፤ በአንጻሩ ደግሞ በዓይን ለማየት እጅግ የደበዘዙትን ሬዲዮ ሊሰማቸው ይችላል። በአንድ ሌሊት አንድ ሰው በዓይኑ የቆጠረውና ሌላው በሬዲዮ የቆጠረው እኩል ባይሆን ሊያስገርመን አይገባም።

ፈለጎች በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ስስ ፈለግ ነው። በአንድ ሜትር ርዝመት ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች ቁጥር ከ100 ትሪሊዮን (ከ10 ርቢ 14) ገደማ ሲያንስ ሞገዱ በፈለጉ ውስጥ ያልፋል፤ እያንዳንዱ ኤሌክትሮንም በሞገዱ ተንቀጥቅጦ ጥቂት ጨረር ይመልሳል። ከዚህ የሚገኘው ድምፅ ብዙውን ጊዜ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ብዙም አይበልጥም። ሁለተኛው ጥቅጥቅ ያለ ፈለግ ሲሆን፣ ሞገዱን እንደ ብረት ቱቦ ከላዩ ስለሚመልሰው ድምፁ ለብዙ ሰከንዶች ሊቆይ ይችላል። የስስ ፈለግ ድምፅ ቆይታ በሞገድ ርዝመቱ ስኩዌር መጠን ይለዋወጣል። በ50 ሜጋኸርዝ የሚሰማው በ100 ሜጋኸርዝ ከሚሰማው በአራት እጥፍ ይረዝማል ማለት ነው። ሞገዱ በረዘመ ቁጥር ሥራው ይቀላል፤ ቢሆንም በእጃችን ያለው ኤፍ ኤም ስለሆነ በእርሱ እንጀምራለን።

ከታሪኩ ጥቂት

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ የብሪታንያ ጦር ወደ ለንደን የሚተኮሱትን የጀርመን ቪ 2 ሮኬቶች በራዳር ይከታተል ነበር። ሮኬት በሌለበትም ጊዜ ከ100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ከፍታ የሚመለሱ ምልክቶች እየታዩ ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ ያስከትሉ ነበር። ጄምስ ስታንሊ ሄይና ባልደረቦቹ ነገሩን መርምረው ምልክቶቹ ከሚቲዮር ፈለግ የሚመጡ መሆናቸውን አረጋገጡ።

ከጦርነቱ በኋላ በርናርድ ላቬል ከጦሩ የተረፉ የራዳር መሣሪያዎችን በእንግሊዝ አገር ጆድረል ባንክ በተባለ ስፍራ ተክሎ ምርምር ጀመረ። ላቬል ፊዚሲስት እንጂ የሚቲዮር አዋቂ አልነበረም። ሰማዩን ያስተማረው ማኒንግ ፕሬንቲስ የተባለ ሰው ነው። ፕሬንቲስ በሙያው የሕግ ሰው ሲሆን ሚቲዮሮችን በትርፍ ጊዜው እየቆጠረ ለብዙ ዓመታት የኖረ አማተር ነበር። እርሱ በዓይኑ ሲቆጥር ሌሎቹ በራዳር እየመዘገቡ የሁለቱ ውጤት ይነጻጸር ነበር። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1946 መሬት ጃኮቢኒ ዚነር የተባለው ጅራታም ኮከብ ባለፈበት መንገድ ስታልፍ የራዳሩ ቆጠራ ለአጭር ጊዜ በሰዓት ወደ አንድ ሺህ ተጠጋ። በ1947 ደግሞ ይኸው ቡድን በቀን ብርሃን የሚወርዱ፣ ማንም ሰው በዓይኑ ሊከታተላቸው የማይችል የሚቲዮር ዝናቦችን አገኘ።

ይህ ሥራ ወደ እኛ አካባቢም መጥቷል። የሶቪየት ኅብረት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 1970 በሞቃዲሾ የሚቲዮር ራዳር ተክለው ከ5000 በላይ የሚሆኑ ሚቲዮሮችን ምህዋር ለይተው መዝግበዋል። ቦታው የተመረጠው ከምድር ወገብ አጠገብ ሆኖ የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ ለመከታተል ስለሚያስችል ነው። ከነቀምት እስከ ሞቃዲሾ በቀጥታ መስመር 1240 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

በአገራችን ደግሞ የአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ እ.ኤ.አ. በ1957 ለዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ምክንያት የተቋቋመው በማግኔት ወገብ አጠገብ መገኘታችን ስለተፈለገ ነው። በማግኔት ወገብ ላይ፣ በቀን፣ በ105 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ጠንካራ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል። ይህ ሚቲዮሮች የሚነዱበት ከፍታ መሆኑን ልብ ይሏል። የመሬታችን አቀማመጥ ለዚህ ጥናት የተመቸ ሆኖ ሳለ ሚቲዮሮችን በሬዲዮ የሚከታተሉት አማተሮች በብዛት የሚገኙት በአውሮፓ፣ በጃፓንና በሰሜን አሜሪካ ነው።

ከነቀምት የትኛውን ጣቢያ እናድምጥ?

በመጀመሪያ የርቀቱን ወሰን እናስላ። የመሬት ራዲየስ 6371 ኪሎ ሜትር ነው። በ100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያለ ነገር ከአድማሳችን ሳይጠፋ ሊርቅ የሚችለው የ2 ጊዜ 6371 ጊዜ 100 ስኩዌር ሩት ያህል፣ ማለትም 1130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፈለጉ ለእኛም ለጣቢያውም ሊታይ ስለሚገባ በሁለታችን መካከል ያለው ርቀት ከዚህ እጥፍ፣ ከ2260 ኪሎ ሜትር ሊበልጥ አይችልም። በተግባር የሚመረጠው ከ500 እስከ 2000 ኪሎ ሜትር ነው።

አዲስ አበባ ከነቀምት በመኪና መንገድ ከ300 ኪሎ ሜትር ቢበልጥም በቀጥታ መስመር 240 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ለእኛ ዓላማ እጅግ ቅርብ ነው፤ ሞገዱ በታችኛው አየር እየታጠፈ ያለ ሚቲዮርም ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ እንደ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1 እና ሸገር 102.1 ያሉትን ፍሪኩዌንሲዎች እንተዋቸዋለን። ናይሮቢ 1150፣ ካምፓላ 1070፣ ሰንዓ 1080፣ ጅቡቲ 770 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቁ ሁሉም በተፈላጊው ወሰን ውስጥ ናቸው።

ናይሮቢን በምሳሌነት እንውሰድ። ከነቀምት ቀጥታ ወደ ደቡብ ትገኛለች ማለት ይቻላል። የመንገዱ መካከለኛ ነጥብ ቱርካና ሐይቅ አካባቢ ይወድቃል። እንግዲህ በዚህ መስመር የምንሰማቸው ሚቲዮሮች በብዛት የሚነዱት ከራሳችን በላይ ሳይሆን በቱርካና አካባቢ ሰማይ ላይ ነው። ሞገዱ ከዚያ ወደ እኛ የሚመጣውም ከአድማስ በላይ ሰባት ዲግሪ ገደማ ዝቅ ብሎ ነው። ክንድን ዘርግቶ የተጨበጠ እጅ ወደ አሥር ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። በደቡብ በኩል ያለው ኮረብታ ከጭብጥዎ ግማሽ በላይ ከሆነ ቦታ መቀየር ይሻላል። ነቀምት ወጣ ገባ የበዛባት ከተማ ስለሆነች ይህን ቀላል ልኬት ሳይወስዱ አንቴና መትከል ድካምን ከንቱ ያደርጋል።

በመቀጠል ሬዲዮውን ከ88 እስከ 108 በዝግታ እያዞርን በነቀምት ምንም ጣቢያ የማይሰማባቸውን ፍሪኩዌንሲዎች እንመዘግባለን። ከእነዚህ ውስጥ በሩቁ ከተማ ኃይለኛ ጣቢያ የሚያሰራጭበትን እንመርጣለን። በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ከአንድ በላይ ሩቅ ጣቢያ ሊኖር ይችላል። ስዋሂሊ ከተሰማ ወደ ደቡብ፣ ዐረብኛ ከተሰማ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ምሥራቅ መገመት ይቻላል። አፋን ኦሮሞና አማርኛ በሚነገርበት ከተማ ተቀምጦ በዝምታ መካከል ሁለት የስዋሂሊ ቃላት የሰማ ተማሪ የሚቲዮርን ፊዚክስ በቀላሉ አይረሳውም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ሬዲዮ፦ ጣቢያ በሌለበት «ሽ» የሚል ድምፅ የሚያሰማ ሬዲዮ ያስፈልጋል። አንዳንድ ዘመናዊ ሬዲዮዎች ምልክት ሲጠፋ ድምፃቸውን ራሳቸው ይዘጋሉ፤ እነዚህ አይሆኑም። የድሮ የመኪና ሬዲዮ፣ ወይም በእጅ የሚዞር ቁልፍ ያለው ባለ ባትሪ ሬዲዮ ይመረጣል። ባትሪው መብራት ሲጠፋም ቆጠራው እንዳይቋረጥ ይረዳል። ስቴሪዮ ካለው ወደ ሞኖ ማዞር ነው።

አንቴና፦ ለ100 ሜጋኸርዝ የሞገድ ርዝመቱ 3 ሜትር ነው። ግማሹ 1.5 ሜትር ሲሆን በሽቦ ሲሠራ አምስት ከመቶ ያህል ማሳጠር ስለሚገባ እያንዳንዳቸው 71 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት የመዳብ ሽቦዎች ይበቁናል። ሁለቱን በአንድ የፕላስቲክ ቱቦ ላይ ጫፍና ጫፍ ሳይነካኩ እናስራለን። የዲሽ ገመድ መካከለኛውን ሽቦ ከአንዱ፣ ዙሪያውን የሸፈነውን ሽቦ ከሌላው ጋር እናያይዛለን። ይህ ዳይፖል አንቴና ይባላል፤ የተሻለ የሚቀበለውም ከሽቦው ጎንና ጎን ነው። ወደ ደቡብ ለማድመጥ ሽቦው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ መዘርጋት አለበት።

ተከላ፦ የቆርቆሮ ጣራ የሬዲዮ ሞገድን ስለሚያግድ አንቴናው ከጣራው በታች ሊሆን አይገባም። በአንድ ረዥም አጠና ጫፍ ላይ ታስሮ ከቆርቆሮው ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ቢል ጥሩ ነው፤ ከኤሌክትሪክ መስመርም አጠናው ቢወድቅ እንኳ እንዳይደርስበት መራቅ አለበት።

እዚህ ላይ አጥብቀን ማሳሰብ የምንፈልገው ነገር አለ። የወለጋ ክረምት የመብረቅም ወቅት ነው። ነጎድጓድ መሰማት ሲጀምር የአንቴናውን ገመድ ከሬዲዮው ነቅሎ ከቤት ውጭ መተውና ቆጠራውን ማቆም ግዴታ ነው። አንድ የጠፋ ሰዓት በሌላ ቀን ይተካል።

ኮምፒውተር ያለው ተማሪ አንድ እርምጃ መቀጠል ይችላል። ለዲጂታል ቴሌቪዥን መቀበያነት የተሠሩና በዩ ኤስ ቢ የሚሰኩ ትናንሽ መሣሪያዎች እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ለሰፊ የፍሪኩዌንሲ ክልል እንደ ሬዲዮ እያገለገሉ ነው። አር ቲ ኤል ኤስ ዲ አር ተብለው ይታወቃሉ። ከነጻ ሶፍትዌር ጋር ሲሠሩ የምልክቱን መጠን በስክሪን ላይ በሥዕል ስለሚያሳዩ ሌሊቱን ሙሉ ተመዝግቦ ጠዋት መመርመር ይቻላል። ለመጀመር ግን የግድ አስፈላጊ አይደሉም።

ምን ሊያሳስተን ይችላል?

የእኛ የመጀመሪያ ሙከራ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በአንድ የክረምት ሌሊት በአንድ ሬዲዮ ተቀምጠን የሰማነውን «ጠሽ» ሁሉ ስንመዘግብ ሁለት ገጽ ሞላን፤ በውጤቱም እጅግ ደስ አለን። በማግሥቱ ሁለተኛ ሬዲዮ ጨምረን ሌላ ባዶ ፍሪኩዌንሲ ላይ አደረግነው። አብዛኛው «ጠሽ» በሁለቱም ላይ በአንድ ቅጽበት ይሰማ ነበር። በመጀመሪያው ሌሊት ስንቆጥር ያደርነው ከአድማስ ባሻገር፣ ነጎድጓዱ እስከ እኛ የማይሰማ መብረቅ ነበር። ገጾቹን አልቀደድናቸውም፤ በላያቸው ላይ «መብረቅ» ብለን ጽፈን አስቀመጥናቸው።

ከዚህ የምንማረው የመለያ ዘዴን ነው። መብረቅ በሁሉም ፍሪኩዌንሲ ላይ በአንድ ጊዜ ይረጫል፤ የሚቲዮር ነጸብራቅ ግን ጣቢያው ባለበት ፍሪኩዌንሲ ላይ ብቻ ይሰማል። ስለዚህ ሁለተኛው ሬዲዮ የመቆጣጠሪያ መሣሪያችን ነው። የሞተር ብስክሌትና የተበላሸ አምፖል ድምፅም በዚሁ ይለያል።

አውሮፕላንም ሞገድ ያንጸባርቃል። የአውሮፕላን ነጸብራቅ ቀስ ብሎ መጥቶ፣ እየተንቀጠቀጠ ለብዙ ሰከንዶች ወይም ለደቂቃ ያህል ቆይቶ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ሚቲዮር ግን በድንገት ይጀምራል፤ መጨረሻው ሊዘገይ ይችላል፣ መነሻው ግን እንደ በር መከፈት ነው። ሌላው ቀደም ብለን የጠቀስነው የማግኔት ወገብ ጅረት ነው። በቀን የሬዲዮ ሞገድን ሊበትን ስለሚችል ጀማሪ ተማሪ ቆጠራውን ከፀሐይ መውጣት በፊት ቢጀምር ይሻላል።

መቼ እናድምጥ?

በዝናብ ውስጥ የሚሮጥ ሰው ከጀርባው ይልቅ ደረቱ ይበሰብሳል። መሬትም በፀሐይ ዙሪያ በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሮጥ የፊቷ ጎን ብዙ ቅንጣቶችን ይገጥማል። ይህ የፊት ጎን ሁልጊዜ ሊነጋ የቀረበበት የመሬት ክፍል ነው። በዚህም ምክንያት ሚቲዮሮች ጎሕ ሲቀድ ይበዛሉ፤ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ያንሳሉ። ልዩነቱም ለምድር ወገብ በቀረብን ቁጥር ጎልቶ ይታያል።

በስሌት ከፍተኛው ጊዜ በፀሐይ አቆጣጠር ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው። የእጅ ሰዓታችን የሚከተለው ግን ከነቀምት በስተምሥራቅ የሚገኘውን የ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ነው። ነቀምት በ36.5 ዲግሪ ገደማ ስለምትገኝ ፀሐይዋ ከእጅ ሰዓታችን 34 ደቂቃ ያህል ትዘገያለች።

ከዕለታዊው ለውጥ በተጨማሪ በዓመት ውስጥ የታወቁ የሚቲዮር ዝናቦች አሉ።

ኤታ አኳሪድስ፦ ሚያዝያ 27 እና 28 አካባቢ። ምንጩ የሃሌ ጅራታም ኮከብ ነው። ለምድር ወገብ አካባቢ በጣም የተመቸ ነው።

የቀን አሪየቲድስ፦ ግንቦት 30 አካባቢ። ከፀሐይ ጋር ስለሚወጣ በሬዲዮ ካልሆነ በሚገባ አይከታተሉትም።

ፐርሲድስ፦ ነሐሴ 6 እና 7። ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ንጋት ቢደመጥ ይመረጣል።

ኦሪዮኒድስ፦ ጥቅምት 11 እና 12። ይህም ከሃሌ ጅራታም ኮከብ የመጣ ነው።

ጀሚኒድስ፦ ታኅሣሥ 4 እና 5። ምንጩ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን ፋቶን የተባለ አስቴሮይድ ነው። በዚህ ወቅት የወለጋ ሰማይ ስለሚጠራ አንዱ በዓይን ሌላው በሬዲዮ ቆጥሮ ማነጻጸር ይቻላል።

አቆጣጠርና አመዘጋገብ

መስማት መዝናኛ ነው፤ መመዝገብ ሳይንስ ነው። በአንድ ደብተር ላይ ቀኑን፣ የተጀመረበትንና ያበቃበትን ሰዓት፣ ፍሪኩዌንሲውን፣ የአንቴናውን አቅጣጫና የአየሩን ሁኔታ እንጻፍ። ከዚያም እያንዳንዱን ድምፅ ከነሰዓቱ፣ አጭር ወይም ረዥም መሆኑን ጨምረን እናስፍር። አንቴናው፣ ሬዲዮውና ፍሪኩዌንሲው በመካከል መለወጥ የለባቸውም፤ ከተለወጡ አዲስ ገጽ ይጀመር።

ሰዓት ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 12 ሰዓት የሆነው በዓለም አቀፉ ሰዓት 3 ሰዓት ነው። የዓለም አቀፉ ቀን የሚለወጠውም በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት የቆጠረ ተማሪ መዝገቡን ከሌላ አገር መዝገብ ጋር ሲያነጻጽር በሁለት የተለያዩ ቀናት ላይ እንደሚወድቅ ማወቅ አለበት።

የቆጠራን እርግጠኝነት ለመገመት ቀላል ሕግ አለ። የተቆጠረው ብዛት ስኩዌር ሩት የጥርጣሬው መጠን ነው። ለምሳሌ በአንድ ሰዓት 16 ሚቲዮር ብንቆጥር ጥርጣሬው 4 ነው። በማግሥቱ 20 ብንቆጥር «ጨምሯል» ለማለት አንችልም። 40 ብንቆጥር ግን አንድ ነገር እንዳለ እንጠረጥራለን።

ምንም ያልተሰማበት ሰዓትም መመዝገብ አለበት። ብዙ ጀማሪዎች ባዶውን ሰዓት እንደ ውድቀት ቆጥረው ይተዉታል፤ ደስ ያላቸውን ሌሊት ብቻ ይጽፋሉ። እንዲህ ያለ መዝገብ ሚቲዮሮች መቼ እንደበዙ ሳይሆን ተማሪው መቼ ደስ እንዳለው ብቻ ይናገራል። ዜሮ ተብሎ የተጻፈ ሰዓት መረጃ ነው፤ ያልተጻፈ ሰዓት ግን ምንም አይደለም።

ለመነሻ የሚሆን አንድ ሥራ እናቅርብ። ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ከንጋቱ 11 እስከ 12 ሰዓት፣ እንዲሁም ከቀትር በኋላ ከ11 እስከ 12 ሰዓት ይቆጠር። ሦስት ወይም አራት ተማሪዎች ተራ ቢገቡ ለማንም አይከብድም። በሳምንቱ መጨረሻ የጠዋቱና የማታው ድምር ይነጻጸር። የመሬት በፀሐይ ዙሪያ መሮጥ በመጽሐፍ የተነበበ ብቻ ሳይሆን ራሳቸው የለኩት ነገር ይሆንላቸዋል።

ማጠቃለያ

በቤልጅየም ብራምስ የሚባል የሚቲዮር መረብ አለ። ለዚሁ ሥራ የተተከለ አንድ ማሰራጫ በ49.97 ሜጋኸርዝ ይልካል፤ በአገሪቱ የተበተኑ ተቀባዮችም የሚሰሙትን ይመዘግባሉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በበጎ ፈቃደኞች ቤት የተተከሉ ናቸው። ለእንዲህ ያለ ማሰራጫ ገንዘብ የለንም ብለን ልንቀመጥ እንችላለን። ነገር ግን የናይሮቢና የካምፓላ ጣቢያዎች ሳያውቁት ቀንና ሌሊት እያሰራጩልን ነው። የጎደለን ማሰራጫ ሳይሆን ደብተር ይዞ የሚቀመጥ ሰው ነው።

የነቀምት፣ የጊምቢና የደምቢ ዶሎ የትምህርት ቤት የሳይንስ ክበቦች በአንድ ሌሊት በአንድ ዓይነት አንቴና ቢቆጥሩ፣ ውጤታቸውንም ከነዜሮው ቢለዋወጡ፣ ከምድር ወገብ አጠገብ የተገኘና ዓመታትን የሚሻገር መዝገብ ሊጀምሩ ይችላሉ። በሚቀጥለው ነሐሴ ደመናው እንደ ልማዱ ይመጣል። ነጎድጓድ ከሌለ በንጋት ሬዲዮውን ክፍት አድርጎ መጠበቅ ይቻላል።

መልመጃ

1ኛ. በሰከንድ 35 ኪሎ ሜትር የሚበር የጀሚኒድስ ቅንጣት ክብደቱ 0.1 ግራም ቢሆን የእንቅስቃሴ ኢነርጂው ስንት ነው?

2ኛ. ለ92 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ዳይፖል እያንዳንዱ ሽቦ ስንት ሴንቲ ሜትር ሊሆን ይገባል?

3ኛ. አንድ ተማሪ በጠዋት 49፣ በማታ 25 ሚቲዮር ቆጠረ። ልዩነቱ ከጥርጣሬው መጠን ይበልጣልን? ምክንያትዎን ይግለጹ።